ግራጫው ማስጠንቀቂያ

አራሚዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን እንደቆመች ጨረሰችው። ሦስት መስመር ብቻ ነው። «በቸልተኝነት አንድ ዓረፍተ ነገር ጎድሎ እንዲወጣ በማድረግሽ» ይላል፤ ከሥሩ ስሟ ተጽፎ ለፊርማ ቦታ ተትቷል። በአሳታሚው ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «አራት ነጥብ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ አንዴ ለአንዲት የጎደለች አራት ነጥብ ስትል የማተሚያ ማሽን አስቁማለች። ደሟ ፈላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ታማሚን ቤት ውስጥ ስለ መንከባከብ መጽሐፍ ጻፉ። መጽሐፉ በወረቀት ታትሞ ብዙ ተነበበ። ቆይቶ አሳታሚው ቤት በስልክ የሚነበብበት አፕ ሲያሠራ እሱንም እዚያ ከተተው። ትናንት አንዲት እናት ደወለች። የአራት ወር ልጇን ሲያተኩሰው ስልኳን ከፍታ የትኩሳት ሽሮፑን ገጽ አገኘች፤ በማንኪያ ለክታም ሰጠችው። ክሊኒክ ስትደርስ «ለዚህ ዕድሜ ስጪ ያለሽ ማነው?» ብለው ጮኹባት። ልጁ ደኅና ነው። እሷ ግን «መጽሐፋችሁ ነዋ ያለኝ!» እያለች ስልኩ ላይ ስታለቅስ ቆየች።

በወረቀቱ ላይ፣ ከዚያው ገጽ ግርጌ፣ «ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም» የሚል መስመር አለ። አራሚዋ ጠዋት አፑን ከፍታ ፈለገችው፤ አጣችው። ለአፍታ የገዛ ዓይኗን ተጠራጠረች። አሁን ይበልጥ የሚያንገበግባት እሱ ነው፤ ራሷን መጠርጠሯ።

መጽሐፉንና ደብዳቤውን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ተቀመጪ እስቲ» አላት።

«አልቀመጥም። ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«የቢሮ ጸሐፊዋ ናት የተየበችው።»

«ስለ ቃሉ ነው የጠየቅኩህ፤ ስለ ጣቱ አይደለም።»

ሥራ አስኪያጁ ተነፈሰ። «መስመሩ አፑ ላይ የለም። መጽሐፉ ደግሞ የወጣው ካንቺ እጅ ነው። ዓይንሽም ቢሆን... ዕድሜ ነው፣ አያሳፍርም።»

«ዓይኔን ተወው! ስልክህን አውጣና አንብብልኝ። እኔ በወረቀቱ እከተልሃለሁ።»

እዚህ ቤት ማንኛውም መጽሐፍ ማሽን ከመግባቱ በፊት በሁለት ሰው ይነበባል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በዋናው ቅጂ ላይ በጣቱ ይከተላል። ሥራ አስኪያጁ ሹመት ሳያገኝ በፊት ለአሥራ አንድ ዓመት የሷ የንባብ ጓደኛ ነበር። ስለዚህ እንዴት እንደሚነበብ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። መነጽሩን አድርጎ ጀመረ። መጠኑን አነበበ፣ የማንኪያውን ልክ አነበበ፣ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

«ቁም!» አለች፤ ድሮ እንደምትለው። «ተመለስ። ከማንኪያው በታች ምን አለ?»

«ባዶ ነው። ጥቁር። የለም አልኩሽ እኮ!»

«ምንም ከሌለ ቦታው ለምን ተተወ?» ብላ ስልኩን ነጠቀችውና፣ ጽሑፍ እንደሚመረጠው ባዶው ጥቁር ላይ ጣቷን አሳርፋ ያዘች። ስክሪኑ እዚያ ቦታ ላይ ሰማያዊ ሆነ፤ በሰማያዊው ውስጥ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ» የሚሉ ቃላት ብቅ አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ።

የአፑ ዲዛይነር ተጠራ። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ከማይከፈት ክፍሉ ዓይኑን እያጨናበሰ መጣ። «እኔ ጋ ግን ይታያል እኮ፣ እትዬ» አለ።

«አንተ ጋ በር የሚያክል ስክሪን አለ፣ ክፍሉም ጨለማ ነው። እስቲ እዚህ መስኮት አጠገብ አሳየኝ!»

ወጣቱ ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ አንገቱን አጣመመ። «ግራጫ ነው» አለ በመጨረሻ። «ዳርክ ሞድ፣ ማለት ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹን በሙሉ ግራጫ ነው ያደረግኳቸው። ዋናውን ጽሑፍ እንዳይረብሹ ብዬ።»

«እንዳይረብሹ! ማስጠንቀቂያ ሥራው መረበሽ አይደል እንዴ?»

«ነጭ ስክሪን ራሴን ያመኛል፣ እትዬ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው...»

«ጥቁሩን ማን ጠላው? በጥቁሩ ላይ የሚነበብ ፊደል አስቀምጥ ነው የምልህ። ለመሆኑ ይህን በሁለት ሰው ያነበበው ማነው?»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። «እንዲነበብ ጠይቄ ነበር። ‹አፕ ነው፣ ወረቀት አይደለም› ተባልኩ።»

ማን እንዳለው መጠየቅ አላስፈለጋትም። የሥራ አስኪያጁ ጆሮ ቀልቶ ነበር።

«እሺ፣ ይበቃል» አለ እሱ። «ደብዳቤውን ቅደጂውና እንርሳው። በሚቀጥለው ወር እድሳት ላይ ቀለሙ ይስተካከላል።»

«በሚቀጥለው ወር? እስከዚያ ያለው ሕፃንስ?» ወደ ዲዛይነሩ ዞረች። «ስንት የግርጌ ማስታወሻ አለ?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት።»

«መጽሐፉን አሁኑኑ ከአፑ አንሣው።»

«እንዳትነካው!» ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ። «ከሁሉም የሚነበበው እሱ ነው!»

«ለዚህ እኮ ነው የምልህ!»

ዲዛይነሩ በሁለቱ መሃል ቆሞ ቀረ። አራሚዋ የጠረጴዛውን ስልክ አነሣች። የእናትየው ቁጥር የአቤቱታ መዝገቡ ላይ ነበር፤ ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ፤ ከሴትዮዋ ድምፅ ኋላ ሕፃን ያለቅሳል። እጀታውን ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋችለት።

«መጽሐፉ እስከሚቀጥለው ወር እንዳለ ይቆያል በላት። አንተው በላት።»

እጀታውን ተቀበለ። «ሀሎ? ሀሎ? ማን ልበል?» ትላለች እናትየው ከወዲያ። የእጀታውን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ፣ ወጣቱን ሳያይ «አንሣው» አለ። ዲዛይነሩ እየሮጠ ወጣ።

አራሚዋ ግን አልወጣችም። ንዴቷም አልበረደም። ጠረጴዛው ፊት እንደተገተረች አፉን አፉን ታየዋለች።

«እመቤቴ፣ ከአሳታሚው ቤት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስለ ትናንቱ ነገር... ያች መስመር መጽሐፉ ላይ አለች፤ ስልክ ላይ ነው እንዳትታይ የሆነችው። ጥፋቱ የአራ...» ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።