ስልክ ሊመርጡ የወጡ ዕለት

ደቅሲሳ ለሚስቱ ስልክ ሊገዛ ነው ቢባል መቱ ውስጥ ማን ያምናል? ተጂቱ ዓመት ሙሉ ለምናዋለች፣ አኩርፋዋለች፣ ሽማግሌ ልትልክበት ምንም አልቀራትም ነበር። እሱ ግን «ያለው ይበቃናል» ከማለት ንቅንቅ አላለም። ያ ሰውዬ ነው እንግዲህ የዚያን ቀን ጠዋት ቁርሷን እንኳ ሳትጨርስ ኮቱን ለብሶ ፊቷ የተገተረው።

«ተነሺ፣ ያንን ስልክሽን እንምረጥ» አላት።

«ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አለች ተጂቱ፣ የጎረሰችውን ዳቦ ሳትውጥ።

«ተነሺ አልኩሽ እኮ። ዝናቡ ሳይመጣ።»

የስልኩ ነገር ምን መሰላችሁ። ቤታቸው ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ሞባይል የሚሠራው የሳሎኑ መስኮት ደፍ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያ ካነሱት ኔትወርኩ ድርግም ይላል። አንድ ልጃቸው ኢሊሊ ደግሞ ጅማ ሆስፒታል ከተኛች ከርማለች። ኢሊሊ ስትደውል ተጂቱ ያንን የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች ከወጥ ቤት እስክትደርስ ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም ይላል። መልሳ ስትደውል አይገባም። ስንቴ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሐሳቡን ያመጣችውም ራሷ ኢሊሊ ናት። «እማ፣ ብሉቱዝ ያለው ገመድ አልባ የቤት ስልክ አለ። ሞባይሉ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፣ ከቤቱ ስልክ ጋር ይገናኛል። አንቺ መነጋገሪያውን መቀነትሽ ውስጥ ሻጥ አድርገሽ ወጥ እያማሰልሽም ታወሪኛለሽ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ተጂቱ ሌላ ምኞት አልነበራትም። ሰሞኑንማ ኢሊሊ ከነጭራሹ መደወል ስላቆመች ብሶባታል። «መድኃኒቱ እያስተኛት ነው፣ ሐኪሞቹ አታስወሯት ብለዋል» አላት ደቅሲሳ። እሷም አመነችው።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል። ተጂቱ ግን የተመኘችው ነገር እጇ ሲገባ የምትጠረጥር ሴት አይደለችም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ሞባይሏን ልታነሳ ስትል «ተዪው፣ ባትሪው አልቋል፣ ይሞላ» ብሎ ከእጇ ተቀበላት። እሺ አለች።

ገና ከበር ሲወጡ ጎረቤቷን አበባየሁን አገኟት። በአጥር ጉዳይ ከተኳረፉ ወራት አልፏቸዋል። አበባየሁ ግን ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ አንዴ ሳመቻት፣ ሁለቴ ሳመቻት፣ አልለቅ አለቻት። ከዚያ አንዲት ቃል ሳትናገር ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች።

«ይቺ ደግሞ ምን ነካት? አጥሩን ልትመልስልኝ ነው እንዴ?» አለች ተጂቱ እየሳቀች። ደቅሲሳ አልሳቀም። ሲፈጥረውም ለቀልድ ሩቅ ስለሆነ ምንም አልመሰላትም።

የሙሐዲን ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ሬዲዮ፣ ሶላር፣ ስልክ፣ የማይሸጠው የለም። የሙሐዲን ደንብ ታዲያ አንድ ነው፦ አምፖል እንኳ ቢሆን ደንበኛው ፊት ሳያበራ አይሸጥም። «ቤቴ ወስጄ አልሠራ አለኝ የሚል ሰው አልፈልግም» ይላል። ሲገቡ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ተጂቱን በሁለት እጁ ጨበጣት። «እትዬ ተጂቱ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። መስቱራ! ሻይ አምጪ!» አለ ወደ ጓዳ ለሚስቱ።

ሦስት ዓይነት ስልክ ደረደረላቸው። አንዱ ባለ አንድ መነጋገሪያ ነው። ሁለተኛው ባለ ሁለት። ሦስተኛው ጥቁሩ፣ እሱም ባለ ሁለት ሆኖ ብሉቱዝ ያለው፣ ሌላው ሰው ሲያወራ በሁለተኛው መነጋገሪያ ገብቶ አብሮ ማውራት የሚያስችል። ተጂቱ ጥቁሩን ባየች ጊዜ ልቧ ሄደ። «ይሄ ነው» አለች።

«ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አለ ደቅሲሳ።

እውነትም አልቸኮለም! ቁጥሮቹ በጨለማ ይበሩ እንደሆነ ጠየቀ። ውሃ ቢፈስበትስ አለ። ካርቶኑን አገላብጦ የማያነበውን ጽሑፍ አነበበ። አንደኛውን አስከፈተ፣ አሳሸገ፣ እንደገና አስከፈተ። በግ ሲገዛ እንኳ እንዲህ ተመራምሮ አያውቅም። ተጂቱ አፈረች፤ ደግሞም ደስ አላት። ሃያ ምናምን ዓመት አብራው ስትኖር ለእሷ ዕቃ እንዲህ ሲጨነቅ አይታው አታውቅም። ሙሐዲንም በነገረ ሥራው ሳይሰለች፣ አንዴም ሳይቆጣ የተባለውን ሁሉ ያደርጋል።

«ይሞከራ» አለ ደቅሲሳ በመጨረሻ።

«ታዲያስ፣ ሳይሞከርማ አይሸጥም። የማንን ሞባይል እናገናኝ?»

ደቅሲሳ የራሱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ብሉቱዝ ምን እንደሚያደርግ ከሚስቱ ያነሰ ነው የሚያውቀው። ሙሐዲን ነካ ነካ አድርጎ ከጥቁሩ ስልክ ጋር አገናኘውና ሞባይሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አንዱን መነጋገሪያ ለተጂቱ፣ አንዱን ለደቅሲሳ ሰጠ።

«እኔ ከጓሮ ሆኜ ልሞክረው፣ ርቀቱን ልየው» አለ ደቅሲሳ። «ሲጮህ አረንጓዴዋን ተጫኚ።» በጓዳው በር ወጣ። ሙሐዲን ሌላ ቀለም ልፈልግ ብሎ ዕቃ ቤት ገባ።

ተጂቱ በተከፈተው በር ወደ ጓሮው አየች። ደቅሲሳ ጀርባውን ሰጥቷት ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሟል። ርቀት የሚለካው እንዲህ ነው እንዴ ብላ ልትስቅ ስትል እጇ ላይ ያለው መነጋገሪያ ጮኸ። እሱ ነው ብላ አረንጓዴዋን ተጫነች። «ሃሎ» ልትል አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ድምፅ ቀደማት።

«ጋሼ ደቅሲሳ?»

የወንድሟ ልጅ ኩማ ነው። ኢሊሊን ሊያስታምም ጅማ የሄደው ኩማ።

«አቤት ልጄ» አለ ደቅሲሳ ከጓሮ።

«ሁሩሙ ደርሰናል።»

ሁሩሙ! ከመቱ አፍንጫ ሥር! ተጂቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልጇ ድና፣ ከሆስፒታል ወጥታ፣ መኪና ላይ ሆና እየመጣችላት ነው። ለካ ይሄ ሽማግሌ ሊያስደንቃት ነው ስልክ ምናምን እያለ ከቤት ያስወጣት! እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ደስታዋ እንዳያመልጣት።

«እዚያው ትንሽ ቆዩ» አለ ደቅሲሳ። «ድንኳኑ ገና አልተተከለም። የተጂቱ ወንድሞችም ከጎሬ አልደረሱም። ሰው ሳይሰበሰብ አይነገራትም ብለዋል ሽማግሎቹ።»

«አክስቴስ የት ናት?»

«ከእኔ ጋር ናት። ስልክ እየመረጥን ነው።»

 የኩማ ድምፅ ተቆራረጠ። «አስከሬኑን ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን እናምጣው ወይስ...»

«ቤት። ኢሊሊን ቤቷ አስገቧት። እናቷ ሳታያት አትቀበርም።»

«እርስዎስ ጋሼ? አለቀሱ?»

«እኔ? እሷ ሳታውቅ እንዴት ብዬ አለቅሳለሁ ልጄ?»

መስመሩ ተዘጋ።

ተጂቱ ክው አለች።  መነጋገሪያውን ከጆሮዋ አውርዳ ጭኗ ላይ ያዘችው። ሱቁ ያው ሱቅ ነው፤ ሬዲዮኖቹ ተደርድረዋል፣ ደጅ የመናኸሪያው ረዳት «በደሌ! በደሌ!» እያለ ይጣራል። ምን ዓይነት ጉድ ነው? ልጇ ሞታ ሰው በደሌ ይሄዳል? መጮህ ነበረባት፣ ጩኸቱ ግን አልመጣ አለ። ልቅሶ ስታውቅ ኖራለች፤ ስንቱን መርዶ ራሷ ሄዳ አርድታለች፣ ስንቷን እናት ግራና ቀኝ ይዛለች። እንዲህ ደረቅ ያለ ነገር አታውቅም።

ደቅሲሳ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ገባ። አይቷት ቆመ። «ጮኸ እንዴ? አነሳሽው?»

«አላነሳሁትም» አለች ተጂቱ። ለምን እንደዋሸች አላወቀችም።

ፊቱ ላይ እፎይታ አየች። «ጥሩ ነው፣ ከጓሮም በደንብ ይሠራል» አለ፤ ሊስቅም ሞከረ። ከንፈሩ እምቢ አለው።

መስቱራ ሻዩን ይዛ መጣች። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ተጂቱ ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ሙሐዲን የነጭ ስልክ ካርቶን ይዞ ከዕቃ ቤት ሲመጣ መሬት መሬቱን ያያል። አይ! እነሱም ያውቃሉ። አበባየሁም ታውቃለች። በመንገድ ላይ ሰላም ያሏት ሁሉ ያውቃሉ። መቱ በሙሉ የሚያውቀውን የልጇን ሞት ሳታውቅ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ የወለደቻት እሷ!

ንዴት እንደ እሳት ወጣባት። ልትሰድበው፣ መነጋገሪያውን በግንባሩ ልትወረውር አነሳችው። ሙሐዲን መስማቷን ሳያውቅ ቸኩሎ «ነጩ ደግሞ ሁለት ሞባይል ይቀበላል፣ እትዬ። የእርስዎንም፣ የጋሼንም...» ይላል።

«እሱ ይሻላል?» አለ ደቅሲሳ። «ቁጥሮቹ ደግሞ ይበራሉ?»

ያን ጊዜ አየችው። ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎታል። ሳይላጭ ነው የወጣው። የአንዱ ጫማው ማሰሪያ አልታሰረም። ይሄ ሰውዬ ሌሊቱን ያደረው ልጁ ሞታበት ነው። ጠዋት የተነሳው፣ በእሷ ፊት ሻይ የጠጣው፣ እዚህ ቆሞ ውሃ ቢፈስበትስ እያለ የሚጠይቀው ልጁ ሞታበት ነው። አንዲት ዘለላ እንባ ሳያፈስ፣ እሷ ብቻዋን ሳለች እንዳትሰማ ብሎ፣ ቀለም ያስመርጣል።

እጇን አወረደች። መነጋገሪያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ደቅሲሳ» አለችው። «አንስቼው ነበር። ሰምቻለሁ።»

ሙሐዲን ካርቶኑን ለቀቀው። መስቱራ «ያ አላህ» ብላ አፏን ያዘች። ደቅሲሳ ግን ልክ እንዳልገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለት እጁን ወደ ፊቷ ዘረጋ፣ የሽማግሎቹን ትእዛዝ እንደ ሕፃን ደገመ። «ማሎ፣ እባክሽ ተጂቱ፣ ገና እኮ ነው። ወንድሞችሽ አልደረሱም። ሰው አልተሰበሰበም...»

«እናቷ አለሁ፣ አባቷ አለህ» አለች። «ሌላ ማን ይምጣ? አልቅስ እንግዲህ።»

 ደቅሲሳ ካርቶኖቹ ላይ ቁጭ አለና «ኢንታላ ኮ! ልጄ! ልጄን!» ብሎ ጮኸ። ተጂቱ የዚህን ሰው ልቅሶ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም ነበር። አጠገቡ ወርዳ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ስትይዘው ያ እምቢ ያላት ጩኸት መጣ፤ ደጅ ሲጣራ የነበረው ረዳትም ሰምቶ ዝም አለ።