በደገፉ ላይ የመሰከርኩ ዕለት

ደገፉ ጎረቤቴ ነው። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምለው ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ከዱቦ ሶዶ ሚኒባስ ይነዳል። የመንገዱ ሰው ሁሉ የሚስቅበት አንድ አመል አለው፤ ኬላ ላይ ፖሊስ «ይሄ የማን ነው?» ካለ «የኔ ነው» ይላል። የማንም ይሁን።

አመሉ ከክፋት አልመጣም። በኛ አገር ሰው ሶዶ ላለ ዘመዱ ቦይና፣ ማለት ጎደሬ፣ ወይ ቅቤ ሲልክ አብሮ አይጓዝም፤ ለሾፌር ይሰጣል፣ ዘመድ መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበላል። አደራ ነው። ምን አለበት ብሎ መፍታት ነውር ነው፣ የማን ልጅ ነህ እያሉ መመርመርም ደስ አይልም። ኬላ ላይ ግን ባለቤቱ አብሮ የሌለ ዕቃ ይወርዳል። እናም ደገፉ ሁሉንም ይወርሳል። ፍየል ወርሷል። የሙሽራ ፍራሽ ወርሷል። አንዴ የመዘምራን ልብስ በሙሉ፣ የሴቶቹን ቀሚስ ሳይቀር፣ የኔ ነው ብሎ አሳልፏል። የሚያውቁት ፖሊሶች «ይሄን ሁሉ ሀብት ይዘህ ስለ ምን ትነዳለህ?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

«አንተ ሰው» አልኩት አንድ ቀን፣ «መጨረሻህ የሰው አማት የኔ ናት ማለት ነው።»

«አንዷን መቼ ቻልኳት!» አለኝ።

ያን ቀን ዱቦ ሆስፒታል የተኛ አማቼን ጠይቄ ስመለስ የደገፉን መኪና አገኘሁ። ሞልታ፣ ሞተሯ ተነስቶ፣ ጋቢናውን ለኔ አስቀምጦልኝ ነበር። ጭነቱ ሲጫን አልደረስኩም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ አልደረስኩም።

ኬላው ላይ የቆሙት ፖሊሶች አዲስ ናቸው። በዚያ መንገድ አደንዛዥ ዕፅ ያልፋል የሚል ወሬ ከተሰማ ወዲህ የድሮዎቹ ተቀይረዋል። አንድ ወጣት ኢንስፔክተር በትህትና ሰላምታ ሰጥቶ ሁላችንንም አስወረደን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ እየሰማሁ ስለምውል ሕግ ትንሽ አውቃለሁ ብዬ አስባለሁ። «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛችኋል ወይ?» አልኩት።

«እሱ ለቤት ነው ጋሼ» አለኝ። «መንገድ ላይ ያለ መኪና በቂ ጥርጣሬ ካለን እንፈትሻለን።»

«ማንን ነው የጠረጠራችሁት?»

«እሱን አንናገርም።»

«ተዋቸው ዮሴፍ፣ ሥራቸው ነው» አለ ደገፉ። «ፈትሹ ልጆች! እግረ መንገዳችሁን ወለሉን ብትጠርጉልኝ አልቀየምም።»

ከኋለኛው ወንበር ሥር አፉ የተሰፋ ማዳበሪያ ጎትተው አወጡ።

«የማን ነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ጫማውን አየ።

«የኔ ነው» አለ ደገፉ፣ እግዜር ይመስገን እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«የኔ ነው አልኩህ እኮ። ቦይና ነው። ዝናብ ሳይዘን ልቀቁን በቃ።»

ኢንስፔክተሩ እኔንና አንድ ተሳፋሪ መምህርን ጠራን። «እናንተ ታዛቢ ሁኑ። እዚህ ቁሙና ስንከፍት እዩ» አለ። ቆምን። ስፌቱን በምላጭ ቀደዱት። ላይ ላዩን ቦይና ነው፤ አፈሩ እንኳ ያልተራገፈ። ከሥሩ ደግሞ ቦይና። ከዚያ በፕላስተር የተጠቀለለ ነገር፣ ሌላም፣ ሌላም። አንዱን ሲበሱት ደረቅ ቅጠል ፈሰሰ። «ካናቢስ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ወደ እኛ አቅርቦ እያሳየ።

ደገፉ ሳቀ። የምር ሳቀ፤ የሚያስቁት መስሎት ነበር። እጁን ሲይዙት ነው «ጦሳው!» ብሎ አምላኩን የጠራው። «የኔ አይደለም! ዱቦ ላይ አንድ ልጅ ነው የሰጠኝ። እናቴ መናኸሪያ ትቀበልሃለች አለኝ።»

«ስሙ ማን ነው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ስልኩስ? የእናቱ ስም?»

«ሰላምታ ሰጠኝ፣ ተሸክሞ ጫነልኝ… ጨዋ ልጅ ነው!» ወደ እኔ ዞረ። «ዮሴፍ፣ ንገራቸው እንጂ!»

ነገርኳቸው። አመሉን፣ ፍየሉን፣ ፍራሹን፣ ሁሉንም። ኢንስፔክተሩ አላቋረጠኝም። ቢቆጣኝ እሰድበው ነበር፤ ይሄ ግን መልካም ልጅ ነው። «ሊሆን ይችላል ጋሼ» አለኝ። «ለፍርድ ቤት ይናገሩት። እኔ ግን የሰማሁትን ነው የምጽፈው። እርስዎም ሰምተዋል አይደል?»

ሰምቻለሁ። ፈረምኩ።

ከዚያም ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ከማዳበሪያው ጋር ሶዶ መናኸሪያ አስቆሙ፤ እናትየዋ ከመጣች ብለው። እኔም ራቅ ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላ ያደረገች ሴት በመጣች ቁጥር ብድግ እላለሁ። ሁሉም የየራሳቸውን ቅቤና ጎመን እየተቀበሉ ሄዱ። ማዳበሪያውን የጠየቀ የለም።

የምሰክርበት ቀን ከመድረሱ በፊት የደገፉ ሚስት ሽታዬ ሱቄ መጣች። ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጁን አላየኸውም?»

«አልደረስኩም ነበር ሽታዬ።»

«አይቻለሁ ብትልስ?»

መርፌው ላይ ክር ማስገባት ጀመርኩ።

«ረዘም ያለ ነው በል። ሸሚዝ ለብሷል በል። አንተ ልብስ ሰፊ አይደለህ? አንድ ሸሚዝ መፍጠር ምን ያቅትሃል?»

«ቀለሙን ይጠይቁኛል። ደገፉን ለብቻው ይጠይቁታል። ካልገጠመ ለሱም ይብስበታል» አልኳት። እሱ እውነት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆኔንም አሰብኩ፤ እሱን ግን አልነገርኳትም። ባሏ ታስሮ ስለኔ ነፍስ ብትሰማ በመቀስ ትወጋኝ ነበር።

ፍርድ ቤት ለዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኜ ቆምኩ። ለደገፉ የምቆም መስሎኝ ነበር፤ ማን ለማን እንደሚቆም የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕጓ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ማዳበሪያው የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ተከሳሹ ምን አለ?»

«የኔ ነው አለ። ግን እሱ ሁልጊዜ…»

«የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ስንት ጊዜ አለ?»

«ሁለቴ።»

«ተገዶ ነው?»

«አይደለም። እንዲያውም ቸኩሎ ነው።»

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ተራው ሲደርስ ተነሳ። «ዕቃውን ሌላ ሰው ሲሰጠው አይተዋል?»

«አላየሁም።» ከዚያ አልቻልኩም፤ ወደ ዳኛው ዞርኩ። «ክቡር ዳኛ፣ ይሄ ሰው የሰው ፍየልም የኔ ነው ብሏል!»

ችሎቱ ሳቀ። ደገፉም ሳቀ። ዳኛው ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ «ፍየሉ ሕገ ወጥ ነበር?» አሉኝ።

«አልነበረም።»

«እንግዲያው ይውረዱ።»

መምህሩም ገባ፤ ያው ያልኩትን አለ፤ ልጁን እሱም አላየም። ዳኛው ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ ተናገሩና ደገፉ እንዲከላከል ተበየነ። በምን ይከላከል? ልጁን ያየው ደገፉ ብቻ ነው። አመሉን የሚያውቁት ፖሊሶች የት እንደተዛወሩ የሚነግረን አላገኘንም። በዚያ ቀን የተሳፈሩት ደግሞ ከኬላው በሌላ መኪና ሄደው የት እንደገቡ አናውቅም። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ቀድማ ወስዳኛለች።

ኮሪደሩ ላይ ካቴና አድርገው አሳለፉት። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ደህና ተናገርክ» አለኝ። «አማችህስ ዳነ?»

«ድኗል» አልኩት። ወሰዱት።

ዐቃቤ ሕጓ ፋይሏን አቅፋ ስትወጣ አየችኝና ቆመች። እጇን ዘረጋች፤ ጨበጥኳት። «እናመሰግናለን» አለች፣ ከልቧ ፈገግ ብላ። «ሰው ፈርቶ አይመጣልንም። እንደርስዎ ያለ ግልጽ ምስክር ቢበዛልን!»

ቀና ስል ሽታዬ ከበሩ ቆማ እጃችንን ታያለች።

ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች። ባጃጅ ብጠራላት አትገባም፤ ቀድሜያት ብሄድ ሸሸ ትላለች። የምንሄደው ደግሞ አንድ ግቢ ነው። ራቅ ብዬ ከኋላዋ ተከተልኳት፤ ስትቆም እየቆምኩ፣ ስትሄድ እየሄድኩ።