ሀምዳን መስመር ላይ ነው

አልዋሽም፤ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎረቤቶቻችንን ነው። ለወር ያስሞላሁት ኢንተርኔት በአሥራ ሁለት ቀኑ ጥርግ ብሎ ሲያልቅ ምን ልበል? ቤት ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እኔ ሰቃ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥቼ አሥር ሰዓት እመለሳለሁ። እማ ደግሞ ስልክ ሲጠራ ከማንሳት በቀር ምንም አታውቅም፤ እኔ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። የርቀት ትምህርቴ መሀል ላይ ተቋርጦ ሲቀር ደሜ ፈላ።

ስልክ የሚጠግነው ቲጃኒ የዋይፋይ ሳጥኑን ገጽ በስልኬ እንዴት እንደምከፍት አሳየኝ። «ማን እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ስንት ጊጋ እንደበላ ቁጭ ብሎልሻል» አለኝ። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። የእኔ ስልክ አለ። ከሥሩ ሌላ ስም አለ፦ ሀምዳን።

ሀምዳን ወንድሜ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ወደ የመን ሄደና ድምፁ ጠፋ። አብረውት ወጥተው የተመለሱ የአጋሮ ልጆች «ጀልባዋ ተገልብጣለች» አሉን። ዓመት ጠበቅን፤ ከዚያ እኔው ራሴ ሰው ጠርቼ ሰደቃ አወጣሁለት። እማ «ልጄ አልሞተም» ስትል «በቃ! ሞቷል፤ ሁለተኛ ስሙን አታንሺብኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ስሙ ሲነሳ የሚያንገበግበኝ በጠብ ስለተለያየን ነው። «ከሄድክ ለእኔ እንዳትደውል» ብዬው ነበር። አልደወለም።

አሁን ስሙ እዚያ ተጽፏል። የገባበት ሰዓት 9:04። ትናንት 9:01። ከትናንት ወዲያም ዘጠኝ። ያ ረቢ! ቀን ቢሆን እማ ታየው ነበር፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እኔና እማ አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተን ሳለ፣ የሞተ ወንድሜ ቤታችን ገብቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል። ስልኩ አብሮት ሰጥሟል ብዬ ነው የማስበው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አይመጣም። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ የፈራ ሰው ያስባል እንዴ?

ከክፉ እንዲጠብቀኝ ከቁርኣን አየተል ኩርሲይን ቀራሁ። ሁለት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ። ሳሎኑን ሳቋርጥ ከኋላዬ ሰው የሚተነፍስ እየመሰለኝ እዞራለሁ። በሦስተኛው ቀን ስሙን ነካሁና «አግድ» የሚለውን ተጫንኩ። «ወንድሜ፣ አፉ በለኝ፤ እረፍ በቃ» አልኩት ጮክ ብዬ።

ከዚያ በኋላ ዳታው በረከተ። እማ ግን ከሳች። ምግቡን ቀመስ አድርጋ ትገፋዋለች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም» ትላለች። እኔም የእርጅና ነው ብዬ ተውኳት።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ከሥራ ስመለስ ለቲጃኒ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «አቦ ፈሂማ! ሳጥኑ የሚቆጥረው እኮ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ዘጠኝ ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ሌሊት ቢሆንማ ሦስት ይልሽ ነበር።»

እኔ አልሳቅኩም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ቤት ያለችው እማ ብቻ ናት።

በሩን በርግጄ ገባሁ። «እማ፣ የሀምዳን ስልክ የታለ?»

መካድ አልቻለችም። ከፍራሹ ሥር አወጣችው። «ደላሎቹ ይቀሙኛል ብሎ ለእኔ ትቶልኝ ነው የሄደው» አለች። «‹ጠዋት ጠዋት በዚህ በኢንተርኔት እደውልልሻለሁ› ብሎኛል።» እኔ ከወጣሁ በኋላ ትከፍተዋለች። እስኪደውል ድረስ ከየመንና ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆችን ቪዲዮ ታያለች፤ ከእስር የወጡትን፣ ከአውሮፕላን የሚወርዱትን፣ አንድ በአንድ። ፊቱን ትፈልጋለች። ያን ሁሉ ጊጋ የበላው ይሄ ነው።

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ደብቄሽ ነው» አለች። «አሁን ግን ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አልከፍት ብሎኛል። ማሎ ልጄ፣ እባክሽ አስጠግኚልኝ።»

አፈርኩ። እገዳውን አነሳሁ። ስልኩ ወዲያው መንጫጫት ጀመረ። አራት ያልተነሱ ጥሪዎች፤ አራቱም ከአንድ የየመን ቁጥር፣ አራቱም እኔ በዘጋሁባቸው ቀናት። በዚያው ቁጥር ደወልኩ። አንድ ሰው በኦሮምኛ አነሳ፤ የደዶ ወረዳ ልጅ ነኝ አለ።

«ሀምዳን? አዎ፣ በእኔ ስልክ ነው የደወለው። ሁለት ዓመት ታስሮ ገና መውጣቱ ነበር።»

«አሁን የት ነው? አገናኘኝ!»

«ከትናንት ወዲያ ወደ ሳዑዲ ድንበር ሄዷል። ስልክ የለውም። አራት ቀን ሞክሮ አልነሳ ሲለው ‹እናቴ በሕይወት ብትኖር ታነሳልኝ ነበር› ብሎ አለቀሰ። ምን እናድርግ፣ እዚህ ያለን ያገር ልጆች ተሰብስበን ለነፍሷ ዱዓ አደረግን። አላህ ይርሐማት።»

እማ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። «ልጄ አለ? ንገሪኝ፣ አለ?»

«አለ» አልኳት።

እዚያው ሱጁድ ወረደች። አላህን እያመሰገነች ብዙ ቆየች። ከዚያ ፊቷ በእንባ እንደራሰ ቀና ብላ፣ እየሳቀች፣ «ስለ እኔስ ምን አለ?» አለችኝ።