የተቆረጠው ሽቦ

በኃይሉ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለ ጋራዥ ነበረው። በዚያ ደጋ የቱርቦ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ሲፈለግ ቀድሞ የሚነሣው የእሱ ስም ነው። ተክለጻድቅ አበልጁ ነበር፤ የልጁን የእስከዳርን ክርስትና ያነሣው በኃይሉ ነው። ተክለጻድቅ ከራቤል ገብስ የሚያመላልስባት ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪና ነበረችው። የቀድሞው ባለቤቷ ከመሪው በስተቀኝ አንዲት ክብ መለኪያ አስገጥሞባታል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ምን ያህል እንደጋለ በዲግሪ የምታሳይ ናት። መርፌው እስከ ስድስት መቶ ሃምሳ ቢሄድ ደህና ነው፤ ከሰባት መቶ ወዲያ ያለው ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ተክለጻድቅ ጋራዡ ድረስ መጣ።

«አበልጄ፣ ዳገቱ ላይ አቅም እያነሳት ነው» አለው። «እስቲ ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ፤ ናፍጣ ይጨምርላት።»

በኃይሉ ካቻቢቴውን አንሥቶ የፖምፓውን ቡሎን አንድ ዙር አዞረው። መኪናዋ ጥቁር ጭስ ተፋችና ድምጿ ጎረነነ። ተክለጻድቅ ደስ ብሎት ሄደ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። «ጉልበቷስ ሌላ ሆኗል። ግን ከራቤል ስመለስ ዳገቱ ላይ መርፌው ቀዩን አልፎ ይሄዳል። ሰባት መቶ ሰማንያ ደርሷል።»

በኃይሉ ነገሩን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ናፍጣው ሲበዛ ከአየሩ ጋር አይመጣጠንም፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ውስጡን ይቃጠላል። ይህን ለሌሎች ሾፌሮች ስንት ጊዜ ነግሯቸዋል። የዚያን ዕለት ግን የሌላ ሰው ካምቢዮ ፈትቶ መሬት ላይ ዘርግቷል፤ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። የሠራው ሥራ ተበላሽቷል መባሉም አልተዋጠለትም።

«አሮጌ መለኪያ ነው፤ ውሸቱን ነው» አለ።

«ብታየው ምን አለበት?»

«እያየህ ከምትሳቀቅስ» አለና በኃይሉ ወደ ጋቢናው ወጥቶ የመለኪያዋን ሽቦ በፒንሳ ቆረጠው። መርፌው ዜሮ ላይ ወደቀ። ተክለጻድቅ መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ፈገግ አለ። «አንተ ካልክ ይሁን» ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ዘጠኝ ቀን አልቆየም። ረፋድ ላይ ነው፤ ጉሙ ገና አልተነሣም። መኪናዋ ገብሷን እንደጫነች ዳገቱ መሐል አንድ ጊዜ ጮኸችና ቀጥ አለች። ተክለጻድቅ ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ሊያደርግ ወረደ። ጎንበስ እንዳለ የእጅ ፍሬኑ ጭነቱን መያዝ አቃተውና መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ መጣችበት። ከማዶ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ መኪናዋ ገደል ሳትገባ ከመንገዱ ጥግ ተደግፋ ቆማለች። ተክለጻድቅ ግን ሞቷል።

መኪናዋን ጎትተው ያመጡት ወደ በኃይሉ ነው። ሞተሩን ብቻውን ፈታው። ሦስተኛው ፒስተን እንደ ጧፍ ቀልጦ መሐሉ ተበስቷል። በኃይሉ ፒስተኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር ሸጎጠው። ምን ሆና ነው ላለው ሁሉ «አርጅታ ነበር» ይል ጀመር።

አርባው ከወጣ በኋላ የተክለጻድቅ ሚስት ጥሩሸዋ ጥቁሯን እንደለበሰች መጣች።

«አበልጄ፣ መኪናዋን ሠርተው እርስዎ ይንዱልኝ። ልጆቼ የሚበሉት በእሷ ነው። ሌላ ሰው አላምንም።»

እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። አዲስ ፒስተን ገጠመላት፤ ፖምፓውን ወደነበረበት መለሰ። ሽቦውን ብቻ ሊነካው አልደፈረም።

በመጀመሪያው ጉዞ፣ ከራቤል ሲመለስ፣ ዳገቱ ጋ ሲደርስ መርፌው ተነሣ። በኃይሉ ዓይኑን አላመነም። መርፌው ቀስ እያለ ቀዩን አለፈና ሰባት መቶ ሰማንያ ላይ ቆመ። መኪናውን አቁሞ ጎማዎቹን በታኮ አስያዘና ከመለኪያዋ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። የሽቦው ሁለት ጫፎች ስንዝር ያህል ተራርቀው ተንጠልጥለዋል። መንገዱ አንገጫግጮት ነው ብሎ ራሱን አጽናና። በሁለተኛው ጉዞም እዚያው ቦታ ተነሣ፤ በሦስተኛውም። መለኪያዋን በጨርቅ ሸፈናት። ያን ጊዜ ደግሞ ከጨርቁ ሥር መስታወቱ ኳ ኳ ሲል ሰማ። ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር ዞሮ ማየት አቃተው።

ከዚያ በኋላ የንስሐ አባቱን አባ ገብረ አማኑኤልን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አግኝቶ ሁሉንም ነገራቸው። 

«ለእኔ መንገርህ ደግ አደረግህ። ባል የሞተባት ግን እኔ አይደለሁም» አሉት።

ያንኑ ዕለት ወደ ጥሩሸዋ ቤት ሄደ። ደጅ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትል ነበር። ፒስተኑን ከጨርቁ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠና ቆሞ ነገራት፤ ቡሎኑን ማዞሩን፣ ሽቦውን መቁረጡን፣ አርጅታ ነው ማለቱን። እንዝርቷን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«መርፌው ቀዩን ሲያልፍ አብሬው ነበርኩ። ሄዶ ለእርስዎ እንዲነግር የላክሁት እኔ ነኝ። ሲመለስ ሽቦው ተቆርጧል። ምነው ስለው፣ አበልጄ መለኪያው ውሸቱን ነው ብሏል አለኝ። እርስዎ እንዳሉ ሲነግረኝ እኔም ዝም አልኩ።»

በኃይሉ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ይንዱልኝ አልሽኝ?»

«እስኪነግሩኝ እየጠበቅሁ ነበር።» ፈትሉ ተበጠሰባት፤ ጫፉን ፈልጋ ስትቀጥል ቆየች። «ነገ ሽቦውን ይቀጥሉት። ወደ ራቤል እኔም እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ሽቦው ተቀጠለ። ጥሩሸዋ ባዶ የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሲመለሱ ዳገቱን ሲጀምሩ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል ቁጥሩን ትጠራለት ጀመር። «አምስት መቶ ሰማንያ። ስድስት መቶ አሥር። ስድስት መቶ አርባ።» በኃይሉ ማርሽ ቀነሰ፤ ነዳጁን ላላ አደረገ። መርፌው ወረደ። ተክለጻድቅ የወደቀበት ቦታ ሲደርሱ አማተበች፤ ከዚያ መቁጠሯን ቀጠለች።  መርፌው ከዚያ ወዲህ ያለ ሙቀት ተነሥቶ አያውቅም።

እስከ ሰኔ ድረስ እንዲህ አብረው ተመላለሱ። ክረምቱ ሲገባ ጥሩሸዋ መኪናዋን ያሲን ለሚባል የቆላ ነጋዴ ሸጠችለት። በኃይሉ ያሲንን ጋቢና አስገብቶ ቀዩን ቀለም እያሳየ፣ ፖምፓውን ማንም እንዳይነካው ግማሽ ቀን ሙሉ ሲነግረው ዋለ። ያሲን ሰውዬው ጤና የለውም እንዴ ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

እስከዳር አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ለእንቁጣጣሽ አበባ ይዛ ወደ ክርስትና አባቷ ጋራዥ ትመጣለች፤ እናቷ ናት የምትልካት። ጥሩሸዋም ቤተ ክርስቲያን ስታገኘው ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣዋለች። ፒስተኑን ካሳያት ወዲህ ግን አበልጄ ብላው አታውቅም።