ቅጠል ያለበት

ሲስተር ወሰንየለሽ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የአዋላጅነት ሥራዋ ያላየችው የሞኝነት ዓይነት የለም። በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ሞኝነት ያየችው ግን ዘንድሮ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ሆስፒታል የጥራት አስተባባሪ የሆነው አቶ አምደሚካኤል የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ከእንግዲህ «ከኬሚካል ነጻ» ነው ብሎ አወጀ። ለሕፃናት የሚሆን አዲስ ዘይትና ሳሙና በካርቶን አስመጣ፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ክብ ስቲከር ተለጥፏል። ከዚያ መደርደሪያውን ይመረምር ጀመር። ምርመራ ከተባለ ነው እንግዲህ፦ ቅጠል ያለበት ይቀመጣል፣ ቅጠል የሌለበት ይጣላል። ሽታው የሚያስነጥሰው የሕፃን ሎሽን ሄደ፤ እሱስ ይሂድ፣ ወሰንየለሽም ወዳው አታውቅም። የተወለዱ ሕፃናት እምብርት እንዳይመግል የሚቀባው ጄልም አብሮ ሄደ።

እዚህ ላይ ደሟ ፈላ። ሥራ በጀመረች ዓመት፣ አያቱ ቅቤ ቀብታው እምብርቱ መግሎ የመጣ ሕፃን እቅፏ ውስጥ ሞቶባታል። ጄሉ ከመጣ ወዲህ ለእያንዳንዷ እናት አንድ አንድ እያስያዘች ስትሸኝ እንደዚያ ያለ ነገር አልገጠማትም። ይህን ሁሉ በትሕትና አስረዳችው። አቶ አምደሚካኤል መነጽሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የጄሉን ስም ለማንበብ ታገለ፤ አልሆነለትም።

«ስሙ ራሱ ኬሚካል ነው» አለና ወረወረው።

ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ትንፋሽ መጨረስ መሆኑ ገባት። በምሳ ሰዓት የተጣለውን የጄል ካርቶን ከዕቃ ቤት አወጣች፤ ከዘይቱ ጠርሙሶች ላይ ስቲከሮቹን በጥፍሯ እየላጠች ጄሉ ላይ፣ ልክ ስሙ ላይ፣ ለጠፈችና ጄሉን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ማታለል መሆኑ አልጠፋትም፤ ቅንጣት ታህል አላፈረችም።

በሳምንቱ ከዞን እንግዶች መጡ። አቶ አምደሚካኤል ከመደርደሪያው አንድ ጄል አነሳና ቅጠሉን በአውራ ጣቱ እያሻሸ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ ስለመሆኑ ሰፊ ገለጻ ሰጠ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ወሰንየለሽ ንቀቷ ፊቷ ላይ እንዳይነበብ ወለል ወለሉን አየች።

እንግዶቹ ሲሸኙ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ሴት ልጁ የኔአለም ትናንት ደምበጫ ወንድ ልጅ መውለዷንና ነገ ሊጠይቃት እንደሚሄድ በለሆሳስ ነገራት።

«ያንን ቅጠል ያለበትን አንድ ስጪኝ። የልጅ ልጄን ኬሚካል እንዳይነካብኝ።»

እዚያው ፊቱ ስቲከሩን ልጣ ስሙን ልታስነብበው ቃጣት። እንዴት ደስ ይላት ነበር! ግን ደምበጫ የተኛው የአንድ ቀን ልጅ ትዝ አላት፤ እሱ አያቱን መርጦ አልተወለደም። ሁለት አውጥታ ሰጠችው።

«እምብርቱን በቀን አንድ ጊዜ፣ ሰባት ቀን። ቅቤ እንዳያስነኩት» አለችው። «ስቲከሩ ደግሞ እንዳይላቀቅብዎት፣ አቶ አምደሚካኤል።»

ከተላቀቀ እንደሚጥለው ታውቃለች።