አቤት ባይ

ኦስሎ ውስጥ ስሜን ጠርቶ አቤት የሚያሰኘኝ ሰው የለም። ቢሮ ስሄድ በቁጥር ይጠሩኛል፤ ቶየን ሰፈር ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠኝ ቤቴ ደግሞ ከእኔ በቀር ሰው የለበትም። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት። ሰለቸኝ፣ በቃ።

ለዚህ ነው እህቴን የዓለምወርቅን ላመጣት የፈለግኩት። ከአራታችን የቀረነው ሁለት ነን፤ እሷ አዲስ አበባ ለብቻዋ፣ እኔ እዚህ ለብቻዬ። የስደተኞች መሥሪያ ቤቱ እህት ቤተሰብ አይደለችም ብሎ መለሰልኝ። ይግባኝ አልኩ፤ ያው ነው። ኧረ ለመሆኑ እህት ቤተሰብ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?

ያኔ የዚህ አገር ንጉሥ ትዝ አሉኝ። እንደ ፈረንጆቹ 2009 መሆኑ ነው። አባቴ መሬቱን በተቀማ ጊዜ ሦስት ወር መንገድ ዳር ቆሞ፣ የጃንሆይ መኪና ስታልፍ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አቤት አለ። መኪናዋ ቆመች፤ መሬቱም ተመለሰለት። እዚህማ የቤተ መንግሥቱ ፊት አጥር እንኳ የለውም፤ ሰው ውሻውን ይዞ በደጃፉ ያልፋል።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃትን ፋንታዬን ለንጉሡ ጻፊልኝ አልኳት። የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ ቋንቋውን ታውቀዋለች።

"ጋሽ መኩሪያ፣ እሳቸው እኮ ፊርማ ብቻ ናቸው" አለችኝ። "ዓርብ ዓርብ ሚኒስትሮቹ ወረቀቱን ይዘውላቸው ይመጣሉ፣ እሳቸው ይፈርማሉ።"

"የሚፈርም ሰው ያነባል። ጻፊ።"

"ከእግርዎ ሥር ወድቄ" ብለሽ ጀምሪ ስላት ሳቀች፤ በኖርዌይኛ እንዲህ አይባልም አለች። እዚህ አገር ሚኒስትሩንም አንተ ነው የሚሉት። አንቱ የሚባል የቀረው ንጉሡ ብቻ ነው። በዚህ ደስ አለኝ፤ አክብሮት የሚያውቅ ሰው ይሰማኛል ብዬ።

ለየዓለምወርቅ በስልክ ነገርኳት። "ንጉሡ ዘንድ ከደረሰማ አለቀ" አለች፤ ሻንጣ ገዛች።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ፤ ወፍራም ወረቀት፣ አናቱ ላይ ዘውድ። ፋንታዬ አንብባ ስትጨርስ ቀና አላለችም።

"ያመሰግናሉ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት በግለሰብ ጉዳይ አይገቡም። ደብዳቤዎ ለሚመለከተው ክፍል ተልኳል።"

"ለማን?"

"ለከለከሉዎት ሰዎች።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ እዚያ ወንበር ላይ ምን ይሠራሉ?"

"ሌላው ሰው እንዳይጣላበት ነው የተቀመጡበት።"

እኛ አገር ወንበሩ ባዶ ሲሆን ሁለት ወንድሞቼ ናቸው የሄዱት፤ አንዱ በዚህ ወገን፣ አንዱ በዚያ። እዚህ ለወንበሩ ብሎ የሚሞት የለም። ንጉሡን ልቀየማቸው ብል እንኳ አልሆነልኝም።

ዓርብ ዕለት ወደ ቤተ መንግሥቱ ወጣሁ። በረዶው ጠጥሮ ነበር። የሚኒስትሮቹ ጥቋቁር መኪኖች አንድ በአንድ ሲያልፉ ወረቀቴን እንደ አባቴ ከፍ አደረግኩ። አቤት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን ለማን? ወረቀቱን መልሼ አወረድኩት። በር ላይ የቆመው ዘብ አየኝና መልሶ ወደ ፊቱ ተመለከተ።

መልሱ ሲመጣ ልነግራት ቃል ገብቼ ነበርና፣ እዚያው ቆሜ ለየዓለምወርቅ ደወልኩ።

"ንጉሡ አይችሉም" አልኳት። "ቢፈልጉም አይችሉም። አትመጪም፣ የዓለሜ።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"መኩሪያ" አለች።

"አቤት።"

ደግማ "መኩሪያ" አለች።

"አቤት። ምን ላድርግልሽ?"

"ምንም። ልጥራህ ብዬ ነው።"

የስልክ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ስሜን ጠራችኝ፤ እኔም አቤት አልኳት።