የኪራይ ካባ

«እዚያ ጋ አይደለም! ወንድሜ፣ ሪጎሬው ላይ አይደለም!»

ኑሕ ሱልጣን ያልታሰረ ክራቫቱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጠ። አልደረሰም። ድንኳን ተካዩ የብረቱን ካስማ ልክ ሪጎሬ መምቻዋ ላይ ቸነከረው። ኑሕ እሱ ራሱ የተቸነከረ ይመስል ቀጥ አለ።

የሚያስቀው ነገር፣ ድንኳኑ የሚተከለው ለእሱ ክብር መሆኑ ነው። ኑሕ በወጣትነቱ የኮልፌ ልጆች ቡድን የግራ ተከላካይ ነበር። ጉልበቱ እምቢ ካለ ወዲህ ደግሞ ጸጉሩ የሸበተው በዚሁ በቁልቁለት ሜዳ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ሲያሠለጥን ነው። ሜዳው እንደ ስሙ ያዘነበለ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ሽቅብ መሮጥ ስለለመደ ስታዲየም ሲገባ እረፍት የወጣ ይመስለዋል፤ ከመስመር የወጣ ኳስ ግን ወንዝ ተወርዶ ነው የሚፈለገው።

የአክብሮት ኮሚቴው ሰብሳቢ አብርሽ ሁለት ስልክ ይዞ መጣ። ድሮ ኑሕ ያሠለጠነው አጥቂ ነበር፤ ጎል ሳያገባ በፊት ጭፈራውን የሚጀምር ዓይነት።

«ጋሼ፣ ካባው መጥቷል! እስቲ ይለኩት።»

ካባውን ያመጣችው ሰብሌ የሙሽራ ልብስ አከራይ ናት። ትከሻው ላይ ጣል ስታደርግለት ካንገትጌው ካለፈው ሠርግ የተረፈ ብልጭልጭ ወረቀት ረገፈ።

«አባቴ፣ ወጥ እንዳይነካብኝ አደራ። ከሰዓት ቀራንዮ ሰፈር ሙሽራ ይጠብቀዋል።»

«እኔ ሳገባ እንኳን እንዲህ ያለ አልለበስኩም።»

«እንግዲህ የዛሬው ሙሽራ እርስዎ ነዎት።»

«ሙሽሪትስ?»

«ሙሽሪት ያቻት!» አለና አብርሽ የሜዳው ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ታፔላ አሳየው። «ሰርፕራይዝ ነበር፤ ግን አላስቻለኝም። ‹ኑሕ ሱልጣን የገበያ ማዕከል›! ስምዎ በመብራት! ይመርቁልንና ሪባኑን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ቁፋሮ ነው።»

«ቁፋሮው የት?»

«እዚሁ ነዋ።»

ኑሕ ካባው ድንገት ከበደው። «ሜዳውስ?»

«ለልጆቹ ዓለም ባንክ ሰፈር ተለዋጭ ይሰጣል ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ተብሏል፣ ጋሼ።»

«ይሄ ‹ተብሏል› የሚሉት ሰውዬ ቤቱ የት ነው? ሄጄ ላነጋግረው።»

አብርሽ አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ምድር ቤቱ ላይ አንድ ሱቅ ለእትዬ ፈትያ ተይዟል። እሳቸው ያውቃሉ።»

ፈትያ፣ ሚስቱ፣ በአዲስ ሻሽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ኮልፌ ገበያ ዳር ላስቲክ አንጥፋ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ደንብ አስከባሪዎች ሲመጡ ላስቲኩን በአራቱም ጫፍ ሰብስባ ትፈተለካለች። ሰፈሩም «ኑሕ ካሠለጠናቸው ሁሉ ፈጣኗ ሚስቱ ናት» እያለ ይቀልዳል። ባለፈው ክረምት ስትሮጥ ጭቃ ላይ ወድቃ ግራ እጇ ሲሰበር ግን የቀለደ አልነበረም።

«ሳትነግሪኝ?» አላት አጠገቧ ሄዶ፣ አጎንብሶ።

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

«ፈቲ፣ ልጆቹ የት ይጫወቱ?»

«እኔስ የት ልሽጥ? ዕድሜህን ሙሉ የሰው ልጅ አስሮጥክ፤ እኔን ደግሞ ደንቦች አስሮጡኝ። አንድ ቀን እንኳን ቁጭ ብዬ ልሽጥ። በር ያለው ቤት! ዝናብ ሲመጣ የሚዘጋ!» ካባውን ጎትታ አስተካከለችለት። «መርቅ ብቻ። ምርቃት ምን ያስከፍልሃል?»

አባቱ በሰፈሩ የታወቁ መራቂ ነበሩ። «ልብህ ያላለውን አፍህ አይመርቅ። ሰው አንዴ አሚን ካለበት በኋላ ያንተ አይደለም» ይሉት ነበር።

ንግግሩ በዛ። አንዱ ተናጋሪ ስፖርት ለጤና ጠቃሚ መሆኑን ለተሰበሰቡት ስፖርተኞች አብራራ። በመጨረሻ ካባው በይፋ ተደረበለትና ማይክራፎኑ ተሰጠው። ኑሕ መዳፎቹን ዘረጋ። ሕዝቡም ዘረጋ።

«አገራችንን ሰላም ያድርግልን!»

«አሚን!» አለ ግማሹ፤ «አሜን!» አለ ግማሹ።

«ያከበራችሁኝን ያክብራችሁ!»

«አሜን!»

«ሕንጻው፣ ጋሼ፣ ሕንጻው» አለ አብርሽ ከኋላው በሹክሹክታ።

ኑሕ ፈትያን አያት። መዳፎቿን ከሰው ሁሉ አስበልጣ ዘርግታለች። ግራው ከተሰበረ ወዲህ ጠመም እንዳለ ነው።

«ዳር ለዳር ለሚሮጠው ነጋዴ ሁሉ፣ በር ያለው ሱቅ ይስጥልን!»

«አሚን!» የእሷ ድምፅ ከሁሉም ተለይቶ ተሰማው።

ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄንንም ሜዳ፣ ሜዳ አድርጎ ያቆይልን! ልጅ የሚሮጥበት እንጂ ሪባን የሚቆረጥበት አያድርግብን!»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ። ልማድ ነዋ፤ ምርቃት ላይ ምላስ ጭንቅላትን አይጠብቅም። አብርሽም አለ። ሕንጻውን የሚሠሩት ባለሀብት መዳፋቸውን እንደዘረጉ ሁለት ጊዜ አሉ። ምን እንዳሉ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላ ወንበር አንድ የድሮ በረኛ «ጎል!» ብሎ ጮኸ።

ፈትያ ግን አሚን አላለችም። መዳፎቿን ፊቷን ሳታብስባቸው ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አወረደቻቸው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?» አለ አብርሽ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። መቀሱ ትሪ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። «አሁን ምን ልሁን?»

«አሜን ብለሃል እኮ፣ ልጄ።»

ኑሕ መቀሱን አልነካም። ካባውን አውልቆ ለሰብሌ አቀበላት።

«ኧረ አባቴ፣ ገና ሰዓት አለዎት!»

«ለሙሽራው ይድረስለት። ወጥ አልነካውም።»

አንድ አሚን ቁፋሮ ያስቀር አያስቀር እሱም አያውቅም። ከመድረኩ ወርዶ ወደ ፈትያ ሄደ። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋ ተቀምጧል።

«ደስ አለህ?» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

«አላለኝም።»

ከፊት ረድፍ አብርሽ ባዶውን የክብር ወንበር በእጁ እያመለከተ ይጠራዋል። ኑሕ አልሄደም። ፈትያም ቦርሳዋን አላነሳችም። እስክታነሳው ድረስ፣ በሚያመው ጉልበቱ፣ አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ።